መንገድ የማይጠግበው አባቴ

አባቴ በጉልምስናው ዘመን የወባ መድኃኒት ረጪ ነበር። ፓምፑን በጀርባው አዝሎ ከሀቢቾ ቁልቁል ወደ ቆላው ይወርድና ቤት ለቤት እየዞረ ግድግዳ ሲረጭ ይከርማል። የሥራ ጓደኞቹ የተመደበላቸውን መንደር ጨርሰው ዛፍ ጥላ ሥር ጋደም ሲሉ እሱ ቀጣዩን ጉብታ ሊያይ ይነሳል። እናቴ እንደምትለው በሄደበት መንገድ ተመልሶ አያውቅም። ለምን ዙሪያ ጥምጥም እንደሚሄድ ሲጠየቅ፣ "ያንኛውን አይቼዋለሁ" ብሎ ያልፋል።

ሥራው ከቀረ በኋላም አመሉ አልተለወጠም። ቤታችን ከሆሳዕና ወጣ ብሎ ሌሞ ወረዳ ዳር ነው፤ ከጓሮው እንሰት፣ ከፊቱ የገብስ ማሳ አለ። ገበያው ቅርብ ሆኖ ሳለ አባቴ ጨው ለመግዛት ጃጁራ ድረስ ይሄዳል።

"የሆሳዕና ጨው ጨው አይደለም?" ትለዋለች እናቴ።

እሱ ይስቃል። ይዞ የሚመለሰው ጨው ብቻ አልነበረም። አንዳንዴ እኛ ሰፈር የማይታወቅ የእንሰት ችግኝ፣ አንዳንዴ ደግሞ ወሬ ይዞ ይመጣል። "እዚያ ኮረብታ ጀርባ አንድ ምንጭ አለ፤ ውሃው ለብ ይላል" ሲለን እኔና ወንድሜ አፋችንን ከፍተን እንሰማለን። እናቴ ጎመኗን እየከተፈች፣ "ለብ ያለ ውሃ እዚህም ምድጃ ላይ አለ" ትላለች። ቁጣዋ የውሸት አልነበረም። እሱ መንገድ ላይ ሲሆን ከብቱን የምታስገባው፣ እንሰቱን የምትፍቀው፣ የታመመ ልጅ አዝላ ጤና ጣቢያ የምትሮጠው እሷ ናት። አባቴን ትወደው እንደነበር ግን ማንም አይጠራጠርም። የሚመጣበትን አቅጣጫ ስለማታውቅ፣ ሲመሽ ከቤቱ በስተፊትም በስተኋላም እየወጣች ታያለች።

እኔ የባዮሎጂ መምህርት ሆንኩ። ተማሪዎቼን ስለ አንጎልና ስለ ነርቭ ሳስተምር፣ ሰው ያላየውን ለማየት ለምን እንደሚጓጓ የምነግራቸው ነገር ነበረኝ። አንጎላችን ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል። ብዙ ሰው የደስታ ቅመም ይለዋል፤ ይበልጥ የሚነሳው ግን የፈለግነውን ከመያዛችን በፊት፣ "አሁን ላገኝ ነው" ብለን ስንጠብቅ ነው። አዲስ ነገር ሲያጋጥመንም እንዲሁ። ለዚህ ነው መፈለጉ ራሱ ከማግኘት የሚጥመን። ገና የሚድህ ሕፃን እንኳ ከእናቱ ጉያ ወጥቶ ወደ በሩ ይሄዳል፤ መሃል ላይ ዞር ብሎ እናቱ መኖሯን ያያል፤ ካየ በኋላ ጉዞውን ይቀጥላል። የሰው ዘር ከዚሁ ከእኛ አካባቢ ተነስቶ በእግሩ ዓለምን የሞላው ረሃብና ድርቅ ገፍቶት ብቻ ላይሆን እንደሚችል እነግራቸዋለሁ። ጉጉቱ በዘር ይተላለፋል የሚሉ ተመራማሪዎች አሉ፤ አንድ ዘረመል ብቻውን ማንንም መንገደኛ አያደርግም የሚሉም አሉ።

አንድ ጊዜ ይህን ሳስረዳ ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ እጁን አወጣ።

"ቲቸር፣ የሆሳዕና ልጅ ሁሉ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ታዲያ ዶፓሚኑ በዝቶ ነው?"

ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቄ መጣ። "ለእሱ ሌላም ምክንያት አለው" አልኳቸው። ቤት ስገባ ለአባቴ ነገርኩት። እሱም ከልቡ ሳቀና፣ "ልጁ ጎበዝ ነው፤ ስሙን ጠይቂልኝ" አለኝ። በማግስቱ ስሙን ይዤለት መጣሁ። አባቴ ግን ስለ የትኛው ልጅ እንደማወራ አላወቀም። የመጀመሪያው ምልክት ያ እንደነበር ያኔ አልገባኝም። እርጅና ነው ብዬ አለፍኩት።

ቀጥሎ አንዱን ወሬ በአንድ ምሳ ላይ ሁለቴ ማውራት ጀመረ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ መዝሙሩ ሳያልቅ ይነሳና ወደ በሩ ይሄዳል። ከዚያ አንድ የገበያ ቀን ባለጋሪ ፈረሱን እየጎተተ ደጃችን ላይ ቆመ፤ አባቴ ጋሪው ላይ ተቀምጧል፤ ጫማው አንድ እግሩ ላይ ብቻ ነው።

"እማማ፣ እኚህ አባት የናንተ ናቸው?" አላት ባለጋሪው። "ወዴት ነው ስላቸው 'ወደ ፊት' ይሉኛል። ቤትዎ የት ነው ስላቸው ዝም አሉኝ።"

እናቴ ሄዳ አባቴን ደግፋ አወረደችው፤ እግሩን በሞቀ ውሃ አጠበችው። እኔ ባለጋሪውን አመስግኜ ስመለስ እናቴ የአባቴን እግር ጉልበቷ ላይ አድርጋ በዝምታ ታለቅሳለች፤ እሱ ደግሞ አናቷን እያየ፣ "ደግ ሴት ናት" ይላል።

እዚሁ ሆስፒታል አሳየነው፤ ከዚያም ለአንጎል ምርመራ አዲስ አበባ ወሰድኩት። የመርሳት በሽታ እንደሆነ ተነገረን። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ መምህርት መሆኔን ሲሰማ የአንጎሉን ፎቶ መብራቱ ላይ ሰቅሎ አሳየኝ።

"ይኼ ክፍል ይታይዎታል፣ መምህር? ሂፖካምፐስ ነው። አዲስ ነገር የሚመዘገበውም፣ የት እንዳለን የምናውቀውም በእሱ ነው። ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጎዳው እሱ ነው፤ የእሳቸውም ሟሽሿል።"

"ቤቱን ሲረሳ መሄዱን ለምን አልረሳም ታዲያ?"

ሐኪሙ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። "ጉጉቱ የሚነሳው ሌላ ቦታ ነው። እሱ ገና ጤነኛ ሊሆን ይችላል" አለኝ። "እውነቱን ልንገርዎ፣ እንዲህ ያሉ ሰዎች ለምን ወጥተው እንደሚሄዱ በእርግጠኛነት መናገር አይቻልም። አንዳንዱ የልጅነት ቤቱን ይፈልጋል። አንዳንዱ ይፈራል፣ ይጨንቀዋል። አንዳንዱ ደግሞ ዕድሜ ልኩን የለመደው ስለሆነ ነው። አባትዎ ምን ይሠሩ ነበር?"

ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ። "በሩን ቆልፉ" አለኝ፤ "ግን አንድ ሰው አብሯቸው ወጣ ገባ ይበል።"

ታላቅ ወንድሜ ዱራሜ ላይ ሱቅ አለው። የሐኪሙን ቃል ስነግረው መጀመሪያ የሰማው በሩን ቆልፉ የሚለውን ነበር። በሳምንቱ መጨረሻ መጥቶ አሮጌውን የእንጨት በር ነቀለና የቆርቆሮ በር አስተከለ፤ ትልቅ ቁልፍ አንጠለጠለበት። ክፉ አይደለም። "መኪና ቢገጨው? ጅብ ቢያገኘው? ያኔ ምን ልትይ ነው?" አለኝ። መክፈቻውን እናቴ በክር አስራ አንገቷ ላይ አደረገችው።

አባቴ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩን በጡጫ ደበደበ። ከዚያ መደብደቡን ተወና በሩ ሥር መቀመጥ ጀመረ። ከዚያ ምግብ ቀነሰ። እናቴ የሚወደውን አታካና፣ ያንን በቅቤ የራሰ ቡላ፣ ሠርታ ብታቀርብለት ሁለት ጊዜ ጎርሶ ፊቱን ያዞራል። ትከሻው ወረደ። ሸሚዙ ከላዩ ላይ ተንጠለጠለ። ሰው ከበሽታው ሌላ በመታጠርም እንደሚታመም ያየሁት ያኔ ነው።

ስለዚህ ከትምህርት ቤት ስመለስ ቦርሳዬን እጥላለሁ፤ እናቴ በሩን ትከፍትልናለች፤ ከአባቴ ጋር እንወጣለን። ወዴት እንሂድ አልለውም። እሱ ይመራል፣ እኔ እከተላለሁ። ያን ጊዜ አማርኛው ከአፉ ጠፍቶ የቀረው የእናቱ ቋንቋ ሀዲይኛ ብቻ ነው። ዘመኑን ሙሉ የረገጠውን ከተማ እንደ አዲስ አገር ነበር የሚያየው። የድንጋይ ንጣፉን ጎንበስ ብሎ ይዳብሰዋል። የመብራት ምሰሶ ሥር ቆሞ ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ በዓይኑ ይከተላል። ባጃጅ ሲያልፍ እጁን አንስቶ ሰላም ይላል። ፊቱ ደም ይሞላል፤ ያ የጎበጠ ትከሻ ቀና ይላል።

"ይኼ ከተማ ማን ይባላል?" አለኝ አንድ ቀን አደባባዩ አጠገብ።

"ሆሳዕና ነው፣ አባ።"

"ሰምቼው አላውቅም። መልካም ከተማ ነው።" ትንሽ ሄድንና መልሶ አየኝ። "አንቺስ ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ? አባት አለሽ?"

"አለኝ።"

"ምን ይሠራል?"

"መንገድ ይወዳል" አልኩት።

"እሰይ፣ ደህና ሰው ነው" አለና ቀጠለ።

ያን ቀን ከፊቴ ሲራመድ ከኋላው እያለቀስኩ ተከተልኩት። እንዳላወቀኝ ማወቄ አሳመመኝ። ደስ ብሎት ማየቴ ደግሞ ሌላ ነገር ነበር፤ ሁለቱ ስሜቶች ተለያይተው አልመጡልኝም። ለተማሪዎቼ አዲስ ነገር አንጎልን ያነቃዋል ስላቸው ኖሬያለሁ። ሁሉም ነገር አዲስ የሆነበት ሰው ምን እንደሚሰማው ግን በየትኛውም መጽሐፍ አላነበብኩም። ሲደክመው ቆም ይልና ወደ ኋላው ይዞራል። ቤት ፍለጋ ይመስለኛል። የሚያየው ግን እኔን ነው፤ እኔን ደግሞ አያውቀኝም። ያኔ እጁን እይዘዋለሁ፣ ወደ ቤት እንመለሳለን።

ክረምቱ ሲገባ ዝናቡ በረታ። የፈተና ወረቀት ማረም መጣ፤ መንገዱ ጭቃ ሆነ። መውጣታችን ቀነሰ፤ አንዳንድ ሳምንት ጭራሽ አንወጣም ነበር። አባቴ እንደገና በሩ ሥር መቀመጥ ጀመረ።

ለመስቀል በዓል ሰው ሁሉ ቆጮና ቅቤ በሚያዘጋጅበት ሰሞን፣ አንድ ጠዋት ትምህርት ቤት ስብሰባ ላይ ሳለሁ ስልኬ ጠራ። ጎረቤታችን ነበረች። "ቶሎ ነይ፤ አባትሽ የለም" አለችኝ።

ስደርስ በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እናቴ ደጃፉ ላይ ቆማለች፤ ነጠላዋ በጭቃ ተለውሷል። ወንድሜ ከዱራሜ በርሮ መጣ። የሰፈሩ ወጣቶችና የቤተ ክርስቲያን የጸሎት ጓደኞቻችን ተከፋፍለው ወጡ፤ ግማሹ በጋሪ፣ ግማሹ በባጃጅ፣ ሌላው በእግሩ። እኔ ፎቶውን ቴሌግራም ላይ ለቀቅኩት። በሀቢቾ በኩል የሄዱት ባዶ እጃቸውን ተመለሱ። በጃጁራ በኩል የሄዱት አንድ ሽማግሌ አይተናል የሚሉ ሰዎች አግኝተው ነበር፤ ሽማግሌው ግን ሌላ ሰው ሆኖ ተገኘ። ያን ሌሊት ዘነበ። በማግስቱም ዘነበ።

ወንድሜ ፍለጋው ላይ ሆኖ ደጋግሞ የሚጠይቀው አንድ ጥያቄ ነበር፤ "በሩን ማን ከፈተው?" የጎረቤት ልጆችን ጠየቀ፤ ጠዋት ጠዋት እናቴ በሩን የምትከፍትላትን፣ ወተት የምታመጣውን ሴት ጠየቀ። ማንም አላወቀም።

በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሰዎቹ እንደገና ሲወጡ እኔና እናቴ ብቻችንን ቀረን። እናቴ ወደ ጓሮ ወጣች። ተከተልኳት። እንሰቱ መሃል ቆማ የአንዱን ቅጠል ጫፍ እየሰነጠቀች ነበር።

"በሩን እኔ ነኝ የከፈትኩለት" አለችኝ።

ተጠጋኋት።

"ጠዋት እዚያው ሥር ተቀምጦ አገኘሁት። አልጮኸም፣ አልደበደበም። እንባው ብቻ ይወርዳል። ቀና ብሎ አየኝና 'እመቤቴ፣ እባክሽ' አለኝ። እመቤቴ! ልጆች ወልጄለት፣ አብሬው አርጅቼ፣ እንደ ባዕድ ሴት ለመነኝ።" ድምጿ ተቆረጠ። "ዕድሜዬን ሙሉ አትሂድ ስለው ኖርኩ። አንድም ቀን በል ሂድ ብዬው አላውቅም። ከፈትኩለት። ብቻውን ልተወው አልነበረም፣ ልጄ፤ ተከትዬው ወጥቼ ነበር። እስከ አስፋልቱ ከኋላው ሄድኩ። ከዚያ አዳለጠኝና ወደቅሁ። ብድግ ስል የለም።"

"ለምን አልተናገርሽም፣ እማ?"

"ወንድምሽ ምን ይለኛል?"

እቅፍ አደረግኳት። የጭቃውና የእንሰቱ ሽታ ነበራት። ሐኪሙ አንድ ሰው አብሯቸው ይውጣ ያለውን ልትፈጽም የሞከረችው እሷ ናት፤ ጉልበቷ እምቢ አላት እንጂ። "ለማንም አልናገርም" አልኳት። ወንድሜ እስካሁን ወተት የምታመጣዋ ሴት ስትወጣ ክፍት የተወችው ይመስለዋል።

ፎቶውን ያየች አንዲት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ከአንጋጫ በኩል የደወለችው በሦስተኛው ቀን ነው። ከምባታ ውስጥ አንድ ቤት ሽማግሌ ሰው ተጠግቷል፤ ስሙን አይናገርም፤ ያስላል አለችን። መኪና ይዘን ሄድን። ያገኘነው አንድ የካቶሊክ ገበሬ ቤተሰብ ቤት ነው። አባቴን የባልየውን ጋቢ አልብሰው ምድጃው አጠገብ አስተኝተውታል። እግሩ ቆስሎ በንጹሕ ጨርቅ ተጠቅልሏል። የቤቱ እመቤት በከምባትኛና በአማርኛ እያደባለቀች፣ በዝናብ ውስጥ ሲንቀጠቀጥ ከማሳቸው ዳር እንዳገኙት ነገረችን። ያን ያህል መንገድ በዚያ እግር እንዴት እንደሄደ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ከዚያው ቀጥታ ሆስፒታል ገባ። ሳንባው ቆስሏል አሉን። እናቴ ከአልጋው አልተለየችም። አባቴ አይናገርም ነበር፤ ዓይኑን አልፎ አልፎ ብቻ ይገልጣል። ብርድ ልብሱ ሥር ግን እግሮቹ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ አንዱ ይቀድማል፣ አንዱ ይከተላል። አንዲት ነርስ አይታ፣ "ምን ሆነው ነው? ያማቸዋል?" ብላ ጠየቀች።

"እየሄደ ነው" አለች እናቴ።

እግሮቹ ያቆሙት አንድ ማለዳ ላይ ነው። እናቴ ካቆሙም በኋላ ብዙ ቆይታ ነበር እኔን የጠራችኝ።

ግቢያችን ውስጥ የለቅሶ ድንኳን ተተከለ። ሰው ከየአቅጣጫው መጣ። ከሀቢቾ በታች ካለው ቆላ ሳይቀር አባቴ ቤታቸውን የረጨላቸው ሽማግሌዎች መጡ፤ ብዙዎቹን እኛ አናውቃቸውም። በሦስተኛው ቀን የከምባታዎቹ ባልና ሚስት መጡ። በመኪና ተሳፍረው፣ ቀሪውን በጋሪ ነበር የደረሱት። ሴትየዋ ድንኳኑ በር ላይ አማተበች፤ አልቅሳ ገባችና እናቴ ጎን ተቀመጠች። እናቴ ለቅሶዋን አቁማ እጇን ያዘች።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ እህቴ" አለቻት። "እናንተ ቤት ሳለ ደስ ብሎት ነበር?"

ሴትየዋ ወደ ባሏ አየች። ባሏ አቀረቀረ። እኔ በልቤ ዋሺላት ብዬ ለመንኩ።

"የመጀመሪያውን ቀን ደስ ብሎት ነበር" አለች ሴትየዋ ቀስ ብላ። "ትንሽ ሲሞቀው ተነስቶ ማሳችንን ዞረ። እንሰቱን ነካ፣ ላሟን ዳበሰ። ሳቀልኝ። ከዚያ ሲመሽ በሩ ላይ ቆመ፤ ወደ ውጭ ያያል፣ ወደ ውስጥ ያያል፤ ማልቀስ ጀመረ። ምን እንደሚል አልገባንም፤ ቋንቋው የእናንተ ነው። አንድ ቃል ብቻ ይደጋግማል።"

"ምን ይላል?"

ሴትየዋ የሰማችውን እንደምንም አስመስላ ተናገረችው። እኔ አልለየሁትም። ድንኳኑ ውስጥ ካለነው ማናችንም አልለየነውም። እናቴ ግን በዓይኗ መሬት መሬቱን እያየች ለብዙ ጊዜ ራሷን ነቀነቀች። የገባት ይሁን፣ ሴትየዋን ላለማሳፈር ይሁን፣ አልጠየቅኳትም። ከዚያ ተነስታ ለእንግዶቹ የእጅ ውሃ አቀረበች፤ ከሩቅ ነው የመጡት፣ ምግብ አቅርቡላቸው አለችን።